ስምንተኛው ማርፈድ

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ በቆርቆሮና በላስቲክ የተከለሉ የጽሕፈት ሱቆች ተደርድረዋል። ከእነዚህ አንዷ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሦስት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥባት አግዳሚ አለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የባንክ ካላንደር በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞነጫጭሯል። ቀኑ ሰኔ 19 ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ሰው ምስጢሩን ሳይቀር የሚያወራው ጮክ ብሎ ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊው ስልሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳረፉ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ፊታቸው የተቀመጠችው ወጣት ከጥቁር ፌስታል ወረቀቶቿን እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። የቅጥር ደብዳቤ፣ ሦስት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ማንጠልጠያው የተበጠሰ ባጅ፣ በመጨረሻም እጥፋቱ ሊቀደድ የደረሰ የስንብት ደብዳቤ። በአንድ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል አራት ዓመት ሠርታለች።

«ጋሼ፣ የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት» አለች። «ሽማግሌ ልኬ ነበር። መጀመሪያ እናየዋለን አሏቸው። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ የሉም ተባለ። ከዚያ ከፋሲካ በኋላ ኑ አሉ። ትናንት ጭራሽ እምቢ አሉ።»

ሰውየው ይቅርታ የሚለውን ቃል የሰሙት አይመስሉም። የስንብት ደብዳቤውን ገልብጠው ቀኑን አዩ፤ መጋቢት 28 ይላል። ተነሥተው ካላንደሩ ዘንድ ሄዱና በእስክሪብቷ ጫፍ ወራቱን እየነኩ ቆጠሩ።

«የኔ ልጅ፣ ሽማግሌዎቹ ስንት ጊዜ ተመላለሱ?»

«ሁለት ወር ከምናምን ሆናቸው።»

«እንግዲህ የቀረሽ ዘጠኝ ቀን ነው።»

ሽምግልና የማያቆመው ሰዓት

ዘጠኙ ቀን የይርጋ ነው። ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ «ስንብቱ ሕገወጥ ስለሆነ ወደ ሥራዬ ልመለስ» ብሎ መክሰስ የሚችለው ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የመሳሰሉት ጥያቄዎች ስድስት ወር አላቸው። ቀኑ ካለፈ በኋላ እውነቱ ከማን ጋር ነው የሚለው ጥያቄ አይነሳም፤ አሠሪው «በይርጋ ታግዷል» የሚል አንድ መስመር መቃወሚያ ያቀርባል፣ ፋይሉም ይዘጋል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዙሪያ አሠሪውንም ሠራተኛውንም ሳነጋግር የሰነበትኩት ሕጉ ለማን ያደላል የሚለውን ለማወቅ ነበር። ጥያቄዬ የተሳሳተ ነበር። ይህ ሕግ ከሁሉ በፊት የሚያደላው ቀን ለቆጠረና ወረቀት ለያዘ ነው። እኛ ደግሞ፣ አለቃውም ምንዝሩም፣ ነገርን በቀን ለመቁጠር አልለመድንም። ተጣልቶ በማግስቱ መክሰስ ያሳፍራል። መጀመሪያ ትልቅ ሰው ይላካል፣ ከዚያ በዓል ይጠበቃል፣ ከዚያ «እስኪ ትንሽ ይብረድለት» ይባላል። ነውር የለበትም፤ ያደግንበት ነው። ሕጉ ግን አብሮን አይጠብቅም።

ይርጋን የሚያቋርጥ ነገር አለ። ጉዳዩን የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽም ባለሥልጣን ማቅረብ አንዱ ነው። አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ማመኑም ይቆጠራል። ልጅቱ ሽማግሌ ከመላኳ በፊት የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳ አቤቱታዋን ብታስመዘግብ ኖሮ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ባልተደናገጠች። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ቡና ጠጥተው «እናየዋለን» መባላቸው ግን የትም አልተጻፈም።

አሥራ አምስት ዓመት በሥራ ክርክር ላይ የቆመ አንድ ጠበቃ እንዲህ አለኝ፦ «ደንበኞቼ ሁለት ዓይነት ናቸው። ዘግይተው የሚመጡና በጣም ዘግይተው የሚመጡ።»

> «እናየዋለን» የሚለው መልስ የትም አልተጻፈም፤ የስንብት ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ግን ተጽፏል።

ከ«ተደጋጋሚ» ወደ ስምንት

አገራችን የሥራ ሕግ ስታወጣ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በንጉሡ ዘመን አዋጅ 210/1956 ነበር። ደርግ በ1968 የራሱን አወጣ። ከዚያ የ1985ቱና ለአሥራ አምስት ዓመት ያገለገለው አዋጅ ቁጥር 377/1996 መጡ። አሁን የሚሠራበት አምስተኛው መሆኑ ነው። የወጣው በ2011 ማለቂያ፣ ነሐሴ 30 ነው። ገና በረቂቅ ሳለ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኢሠማኮ፣ ሠራተኛን ማባረር ያቀላል ብሎ አጥብቆ ተቃውሞት ነበር።

በቀድሞው ሕግ ስለ ማርፈድ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው «በተደጋጋሚ» ያረፈደ ይሰናበታል የሚል ነበር። ተደጋጋሚ ስንት ነው? ለአንዱ ዳኛ አራት፣ ለሌላው አሥር ሊሆን ይችላል። አዲሱ አዋጅ ቁጥር አስገባ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ ያለ በቂ ምክንያት፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ፋብሪካዎች አካባቢ ሠራተኛው «ስምንተኛው ሺህ» እያለ እንደሚቀልድበት አንድ የመስመር ኃላፊ አጫውቶኛል። ሰባተኛውን ያረፈደ ሰው በር ላይ ሲታይ «ዓለም ልታልፍ አንድ ቀራት» ይሉታል አሉ።

መቅረት ላይ የተደረገው ለውጥ ከማርፈዱ የባሰ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ልብ አላለውም። ቀድሞ ለስንብት የሚያበቃው በተከታታይ አምስት የሥራ ቀን፣ ወይም በወር አሥር፣ ወይም በዓመት ሠላሳ ቀን መቅረት ነበር። አሁን በስድስት ወር ውስጥ፣ ተከታታይ ባይሆንም፣ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ይበቃል፤ እዚህም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው መኖር አለበት። ለቅሶ ደርሶ፣ ልጅ ታሞ፣ ቀበሌ ተጠርቶ አንድ አንድ ቀን እየቀረ «እኔ እኮ ተከታታይ አልቀረሁም» የሚል ሠራተኛ አሁንም የሚያወራው ስለ ሞተው ሕግ ነው።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ የምትኖረው ካዛንቺስ እናቷ ቤት ነበር። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ቤተሰቡ ገላን ጉራ ገባ። ፋብሪካው አስኮ በኩል ነው። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው፤ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ፣ ሰልፉን ሳይጨምር። የአሻራ ማሽኑ ግን የት እንደምታድር አይጠይቅም፤ 1፡30 ካለፈች ቀይ ያበራል።

«ትራንስፖርት ጠፋ የሚለውን ምክንያት በቀን ሃያ ጊዜ እሰማለሁ» ያለችኝ የአንድ ሌላ ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስታወራ ድካሟ ያስታውቃል። «አንዱን ስምር ሌላው ለምን ይለኛል። ማስጠንቀቂያ ስሰጥ አልፈርምም ይላሉ፤ ከፈረምኩ ያመንኩ ይመስላቸዋል። ሁለት ምስክር አስፈርሜ ፋይሉ ውስጥ አስገባዋለሁ።» ይህ አልፈርምም የሚባል ነገር ሠራተኛውን ብዙ ጎድቶታል። «ደርሶኛል፣ አልስማማበትም» ብሎ ጽፎ ከነቀኑ መፈረምና ቅጂውን መውሰድ እያለ፣ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት ጀግንነት ይመስለናል።

ማመልከቻ ጸሐፊው የስንብት ደብዳቤውን አሁን ቃል በቃል እያነበቡ ነው። ያረፈደችባቸው ስምንት ቀናት ተዘርዝረዋል። የመጀመሪያው መስከረም 20፣ የመጨረሻው መጋቢት 26። ሰውየው ሁለቱን ቀናት በቀይ አክብበው ቆም አሉ።

«ከመስከረም 20 ስድስት ወር መቼ ይሞላል?»

ልጅቱ በጣቷ ቆጠረች። «መጋቢት 20።»

«ስምንተኛዋ መቼ ናት?»

መልስ አልሰጠችም። አግዳሚው ላይ አብሯት የተቀመጠው ሌላ ባለጉዳይ ነው «ስድስት ቀን አልፎታል!» ብሎ የጮኸው። በስድስት ወር ማዕቀፍ ውስጥ የሚገቡት ማርፈዶች ሰባት ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ጥር ላይ፣ አምስት ጊዜ ካረፈደች በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያ «እየተሰጠው» የሚለው ቃል ከዚያ በፊት የነበሩትን ይጨምራል አይጨምርም ሌላ ክርክር ነው። ይቅርታ ልትለምን የመጣች ሴት ጥሩ ክርክር ይዛ ተገኘች፤ ሁለት ወር ከምናምን ፌስታል ውስጥ አስቀምጣው።

ባለ ዳቦ ቤቱ

አሠሪው ሁልጊዜ ቀን ያውቃል ማለት ግን አይደለም። ትልልቆቹ የሕግ ክፍል አላቸው። አምስት ስድስት ሰው ቀጥረው የሚሠሩትስ?

ሳሪስ ዳቦ ቤት ያላቸው አንድ አባት ታሪካቸውን የነገሩኝ ዱቄት ያለበት እጃቸውን እያወናጨፉ ነው። ገንዘብ ተቀባያቸው ሒሳብ እያጎደለ መሆኑን ጥር ላይ ደረሱበት። ልጁ አለቀሰ፤ አክስቱ መጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እከፍላለሁ ካለ ይሁን፣ ልጅ ነው ብዬ ተውኩት። አልከፈለም። ሚያዝያ ላይ አባረርኩት። ከሰሰኝና ረታኝ!»

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ጥፋት መፈጸሙን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ያልፋል። ጥፋቱ ተረሳ ማለት አይደለም፤ ገንዘቡን በሌላ መንገድ መጠየቅ ይቻላል። በዚያ ጥፋት ከሥራ ማስወጣት ግን አይቻልም። ሕጉ ይህን ያስቀመጠው አሠሪ የሠራተኛን ጥፋት እንደ ካራ ደብቆ ይዞ በፈለገ ቀን እንዳይመዘው ነው። ምክንያቱ ጥሩ ነው። እኚህ አባት ግን ካራ አልደበቁም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። የከፈሉትም የይሉኝታቸውን ዋጋ ነው።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለና ሠራተኛው ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከሆነ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ በሰው ቋንቋ ስድስት ወር ገደማ። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ክፍያ ይጨመርበታል፤ እሱም እንደ አገልግሎቱ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይደርሳል። የስንብት ክፍያም አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ ይታሰባል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይደመራል፤ ጣሪያው የአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ ነው። የብስኩት ፋብሪካዋ ልጅ አራት ዓመት ስለሠራች ሒሳቡ ሁለት ወር ይሆናል። እነዚህን ክፍያዎች ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ያልከፈለ አሠሪ ደግሞ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊቀጣ ይችላል።

«ራሱ የለቀቀ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል» የሚለው ወሬም ሙሉ እውነት አይደለም። ቢያንስ አምስት ዓመት አገልግሎ፣ በሥልጠና ምክንያት የገባው የአገልግሎት ግዴታ ሳይኖርበት በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኝበት አንቀጽ አለ። ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ የሚፈቅድበት ምክንያት ከሌለው በቀር ግን የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ አለበት። ስልክ አጥፍቶ መጥፋት፣ እንደ ዘመኑ ልጆች፣ ለአሠሪው ክርክር በነጻ ማቀበል ነው።

ሃምሳ ስምንተኛው ቀን

የሙከራ ጊዜ ቀድሞ አርባ አምስት ተከታታይ ቀን ነበር። አሁን ስልሳ የሥራ ቀን ሆኗል። ቅዳሜን ለሚሠራ አሥር ሳምንት፣ ለማይሠራ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል።

አሠሪዎች ለውጡን ወደውታል፣ እውነት ለመናገር ምክንያትም አላቸው። ማሽን ላይ የሚቀመጥ ሰው በአንድ ወር ተኩል አይታወቅም። ግን ሃምሳ ስምንተኛው ቀን ላይ አሰናብቶ በወሩ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ ወንበር፣ እንደ አዲስ «በሙከራ» የሚቀጥርም አለ። ይህን ሕጉ ይከለክላል፤ ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ ዳግም የተቀጠረ ሰው ሙከራ የለበትም። የሙከራ ስምምነትም በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል «ለጊዜው እንይህ» የተባለ ሰው፣ በሕግ ዓይን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ሠራተኛ ነው።

ኮንትራትም ከሙከራ ብዙ አይለይም። በየስድስት ወሩ የሚታደስ ውል ፈርሞ ስድስት ሰባት ዓመት የቆየ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሹፌር ሞልቷል። «ኮንትራት ነኝ፣ ምን መብት አለኝ» ይላል። ሕጉ የሚነሣው ግን ከተቃራኒው ነው። ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ የጊዜ ገደብ የሚፈቀደው ተለይተው ለተዘረዘሩ ሥራዎች ብቻ ነው። በር የሌለው ፋብሪካ ስለሌለ በር ጠባቂነት ጊዜያዊ ሥራ ነው ብሎ ማሳመን ይከብዳል።

> በቃል «ለጊዜው እንይህ» የተባለ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ሠራተኛ ነው።

ሦስት ቀን ለአባት

ሠራተኛው ያገኘውም አለ። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት ሠላሳ፣ ከወሊድ በኋላ ዘጠና ተከታታይ ቀን ሆኗል፤ የኋለኛው ቀድሞ ስልሳ ነበር። ነፍሰ ጡርን፣ የወለደችንም እስከ አራት ወር ድረስ፣ ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር፣ ማሰናበት አይቻልም። ለአባትም በሕጉ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ተሰጠው፤ ሦስት ተከታታይ ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ፋብሪካ ይመለሳል ማለት ነው። ይሁን፣ ከዜሮ ሦስት ይሻላል።

የትርፍ ሰዓት ክፍያም ተሻሽሏል። በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4፡00 እስከ ንጋቱ 12፡00 አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። በሌላ በኩል ሠራተኛን በትርፍ ሰዓት ማቆየት የሚቻልበት ጣሪያም ከፍ ብሏል። ቀድሞ በቀን ሁለት ሰዓት ነበር፤ አሁን እስከ አራት፣ በሳምንት ግን ከአሥራ ሁለት የማይበልጥ። በአንድ እጁ እየሰጠ በሌላው የወሰደበት ቦታ ይህ ብቻ አይደለም። የዓመት ፈቃድ መነሻው ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ስድስት የሥራ ቀን ከፍ ሲል በየዓመቱ ይጨመር የነበረው አንድ ቀን በየሁለት ዓመቱ ሆኗል። ለአዲስ ገቢ ጥሩ ነው፤ ነባሩ ግን ሲቆይ ይከስራል።

ስለ ጾታዊ ትንኮሳ አዋጁ በግልጽ መናገሩ ትልቅ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ተርጉሞ አስቀምጦታል፣ ከልክሎታልም፤ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ መብቷን መጠየቅ ትችላለች። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። የሌሊት ሺፍት ኃላፊው ብቻውን ያደረገውን ማን ያስረዳላት? በዚህ አንቀጽ ስንት መዝገብ ከፍተሃል ብዬ ጠበቃውን ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «አንድ» አለ። «እሷም አቋረጠችው።»

ገና ያልደረሰው

አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ቦርዱም ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል ይወስናል ይላል። የቦርዱን ዝርዝር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወስነዋል ተብሏል። ዓመታት አለፉ፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ዛሬም የደመወዝ ወለል የለውም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ጥናት ባወጣበት ጊዜ፣ አዋጁ በጸደቀበት በዚያው 2011፣ የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ኢሠማኮ በየሜይዴይ ይህን ጥያቄ ያነሣል፤ መልሱም በየሜይዴይ «በጥናት ላይ ነው» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ሠራተኛው ኪሱ ውስጥ የተሰማው ለውጥ የመጣው ከሌላ በር ነው። ሐምሌ 2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው የደመወዝ መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ዳቦ አንድ ብር በነበረበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ይጨፈርለት ነበር።

ከጽሕፈት ሱቁ በር ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ይህን ሁሉ ወሬ ስትሰማ ቆይታ ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ እኔስ? ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ አንድ ቀን ጠዋት ነው ልብስሽን ሰብስቢ የተባልኩት።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት፣ ማለትም የቤት ሠራተኛነት፣ ከዚህ አዋጅ ውጭ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለእነሱ ደንብ ያወጣል ተብሎ በአዋጁ ተጽፏል፤ ቀድሞ በ1996ቱም ተጽፎ ነበር። ደንቡ ስላልወጣ የሚዳኙት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ባሉ ጥቂት አንቀጾች ነው። ስልሳ የሥራ ቀን፣ 180 እጥፍ፣ ዘጠና ቀን የወሊድ ፈቃድ የሚባለው ሁሉ እሷን አያውቃትም።

«ላንቺ ሌላ ሕግ ነው ልጄ» አሏት።

«ሌላው ምን ይላል?»

«ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ዝም ብሏል።»

ሳቀች። ሲኒውን አለቅልቃ ለልጅቱም አንድ ቀዳችላት።

ለማመልከቻው ስንት ነው?

ክሱ ሦስት ገጽ ሆነ። ሰውየው ሲጽፉ «ይቅርታ» የሚል ቃል አላስገቡም። የቀናቱን ሰንጠረዥ ግን ሠርተውላታል። ስምንት መስመር ነው፣ ስምንተኛው በደማቅ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ይህ ባይሆን ካሳና ልዩ ልዩ ክፍያዎች እንዲወሰኑላት ይጠይቃል። ይህን «ባይሆን» ለምን እንደጨመሩ አስረዷት። ዳኛው ግንኙነቱ ከሻከረ፣ ሠራተኛው ልመለስ ቢልም እንኳ፣ ካሳ ተከፍሎት እንዲሰናበት ሊወስን ይችላል። ልጅቱ ፊቷ ጠቆረ። የምትፈልገው ገንዘቡን አይደለም፤ ማሸጊያ ክፍሉን፣ ጓደኞቿን፣ የአራት ዓመት ቦታዋን ነው።

በሥራ ክርክር ለዳኝነት የሚከፈል ነገር የለም፤ ለጽሕፈቱ ግን ይከፈላል። ከፈለች። ሕጉ እንደሚለው የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ በቀረበ በስልሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት፤ ቅር የተሰኘ ወገን በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል። ጠበቃው ስለ ስልሳው ቀን ስጠይቀው ትከሻውን ብቻ ነው የነቀነቀው። ክረምቱም የፍርድ ቤት ዕረፍት ይዞ እየመጣ ነው።

ፋይሉ ሰኔ 24 ተከፈተ፤ አራት ቀን ሲቀረው። የመዝገብ ቁጥሯን የጻፈችው ከተበጠሰው ባጅ ጀርባ ላይ ነው።

እርስዎም ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ፣ ከመብራት ደረሰኝና ከክትባት ካርድ ሥር፣ የስንብት ወይም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ካለ፣ አሠሪም ቢሆኑ የሠራተኛ ፋይል ካለዎት፣ ይህን መጽሔት ያስቀምጡና አሁን አውጥተው ቀኑን ይዩ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላም ይላካል።